ሳይጣበቅ የቆመው እንጨት

በእኛ ሰፈር ሰው የማያውቀውን ነገር ላቃና ብሎ ሲያበላሽ የሚነገር አንድ አባባል አለ። መነሻው ድሬዳዋ፣ የአንድ ቫዮሊን ሠሪ ቤት ነው።

የእሑድ ጠዋት ነበር። ወይዘሮ ወለላ ግቢያቸውን ጠረጉ፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ በተኑ። ከሐረር ለጥየቃ ለመጣው ታናሽ ወንድማቸው ለሽብሩ ቁርስ አቅርበው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ባላቸው ሙሴ ኦሬስቴ ከጣሊያን አገር የመጡ ቫዮሊን ሠሪ ነበሩ። እንጨትን በጣታቸው አንኳኩተው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ሳያዳምጡ አይቆርጡም። ጎረቤት «ዛሬስ እንጨቱ ምን አለዎት?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸው ሲሞቱ መጨረሻ የሠሩት ቫዮሊን ግድግዳው ላይ ቀረ። ተማሪያቸው ክፍሉ እሑድ እሑድ እየመጣ ይጫወትበታል። ወይዘሮ ወለላ በቀብሩ ቀን ብዙ አላለቀሱም ይባላል። ሳምንቱን የሚገፉት ግን ያንን ድምፅ እየጠበቁ ነበር።

ሽብሩ አናጺ ነው። እህቱን ለማስደሰት ቫዮሊኑን አውርዶ ሊወለውል ክሮቹን ሲያላላ፣ ከውስጡ አንድ ነገር ተንኳኳ። ገልብጦ ቢያራግፈው በደረቱ ቀዳዳ ከጣት የምታጥር እንጨት ወጣች። አገላብጦ አያት፤ ሙጫ አልነካትም፣ ሚስማር አልነካትም። ለአናጺ ያልተጣበቀና ያልተመታ እንጨት ፍቅፋቂ ነው። ከሰል ማንደጃው ውስጥ ጣላትና ክሮቹን መልሶ ወጠረ።

ወይዘሮ ወለላ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ክፍሉም ደረሰ። ቫዮሊኑን ቃኝቶ ጀመረ፤ ወዲያው አቆመ።

«ምነው?»

«እንጃ፣ እማማ። ጉንፋን የያዘው መሰለ።»

እንደገና ቃኘ። ክሮቹ የሚያርፉበትን ብርኩማ አንቀሳቀሰ። አንድ ክር ቀየረ። ድምፁ ሣጥን ውስጥ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ታፈነ።

«ሙቀቱ ይሆን እንዴ?» አለ ክፍሉ።

«የድሬ ሙቀት ዛሬ ገና መጣ?» ሽብሩ ሳቀ። «በል በመሣሪያው አታመካኝ! እኔ ሆዱን ሳይቀር አጽድቼልሃለሁ።»

«ሆዱን?»

«አማቼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፍቅፋቂ ረስተውበት ነበር። አውጥቼ እሳት ውስጥ ጣልኩት።»

ክፍሉ ቫዮሊኑን ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አኖረ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እሱ እኮ ውስጡ ቆሞ ድምፁን ከደረቱ ወደ ጀርባው የሚያደርሰው ምሰሶ ነው። ይዞ የሚያቆመው የክሮቹ ውጥረት ብቻ ነው። ሲያላሉት ወደቀ።»

«ያልተጣበቀ ምሰሶ የት አገር አለ?» ሽብሩ ግራ ገባው። «ቆይ፣ አሁኑኑ ሌላ እቆርጣለሁ። እንጨት አይደል?»

ቆረጠ። ክፍሉ በሽቦ አስገብቶ አቆመው። ድምፅ ወጣ፤ ግን የሌላ ቫዮሊን ድምፅ ነበር። ወዲህ አሉት፣ ወዲያ አሉት፣ አሳጠሩት፣ ሌላም ቆረጡ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«የት ላይ ሲቆም እንደሚዘፍን የሙሴ ጆሮ ነበር የሚያውቀው» አለ ክፍሉ። «እኔ አላውቅም።»

ሽብሩ እጁ ላይ የቀሩትን ቁርጥራጮች ይዞ እህቱን አየ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ላጽዳልሽ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ወለላ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አውቃለሁ፣ ወንድሜ» አሉ፤ «ትርፍ ያሉት እንጨት፣ ድምፁን ይዞ ሄደ።»