ሁለት ምላስ ያበቀለው ሰርቨር

አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ የግቢያቸውን ፋይል ሊያዩ መሬት ቢሮ ሄዱ። ፋይሉ የተቀመጠው የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ምድር ቤት ያለው ኮምፒውተር፣ «ባለቤቱ ናቸው፤ ይዩ» አለ። ፎቅ ላይ ያለው የወጣቱ ኃላፊ የመንበሩ ኮምፒውተር ግን፣ «አላውቃቸውም፤ አይፈቀድም» አለ።

መንበሩ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«አንተ ሽማግሌ! ለአንዱ ሰርቨር ሁለት ምላስ ያበቀልክለት በምን መተትህ ነው? አሁኑኑ ካልተናገርክ ግቢህን እወርሰዋለሁ!»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው መለሱ።

«መተትስ የለኝም ጌታዬ። ሰፈር ለቅሶ ቤት ሲያገኙኝ ‹ኖር አባቴ› ብለው ይነሡልኛል፤ እዚህ ወንበርዎ ላይ ሲወጡ ደግሞ አያውቁኝም። ሰርቨሩ ምን ያድርግ? አሳዳሪውን ነው የመሰለው።»

መንበሩ ደንግጦ፣ «ኖር አባቴ!» ብሎ ብድግ አለ።

ኮምፒውተሩም፣ «ይዩ» አለ።