የአቶ ግዛው ባለዓሣ ሱሪ

ይህን በመናገሬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የታመመ ሰው ሱሪ በአደባባይ ማውራት ለሰውየውም ለሱሪውም ክብር አይደለም። ግን አፌ አንዴ ተከፍቷል፤ ለመዝጋት ደግሞ ረፍዷል።

ድሬዳዋ ውስጥ ወይዘሮ ስንዱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ግዛው ባቡር ላይ ሲሠሩ ከጅቡቲ ሐር ጨርቅ አምጥተውላቸው ነበር። ሰማያዊ ነው፤ በላዩ መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ቀያይ ዓሦች ይተራመሱበታል፤ ሲይዙት እንደ ውሃ ያመልጣል። ወይዘሮ ስንዱም «ለደግ ቀን» ብለው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ደግ ቀን በደጃፋቸው ስንቴ አለፈ! እሳቸው ግን ከዚህ የተሻለ ይመጣል እያሉ ሳጥኑን አልከፈቱም።

አቶ ግዛው አርጅተው ታመሙ። ግንቦት ሲገባ ሙቀቱ አልጋቸው ላይ ጠበሳቸው፤ የለበሱት ሁሉ ቆዳቸውን ይፍቃቸው ጀመር።

«ስንድዬ፣ ያ ዓሣ አለ?»

«አለ እንጂ!»

«እስቲ ስስ ሱሪ አሰፊልኝ። ትንሽ ቀዝቀዝ ይበለኝ።»

ወይዘሮ ስንዱ ሐሩን ያዙ፤ ለልክ የሚሆን አንድ አሮጌ ሱሪም ጨመሩና ልብስ ሰፊው ሙክታር ጋ ሄዱ። ሙክታር ሐሩን በጣቱ ጫፍ ዳሰሰና እጁን ሰበሰበ።

«እማማ፣ መቀሴ ዱልዱም ነው፤ ይህን በእሱ ብነካው ያኝከዋል። ሽፈራው ይሳልልኝ።»

«ሌላ ሰው አይስልም?»

«የሽፈራው ደንበኛ ሆኜ? ቀብሬ ላይ አይቆምም!»

መቀስ የሚስለው ሽፈራው ጋ ሄዱ። «ሽፈራው ልጄ፣ መቀሱን ሳል፤ መቀሱ ሐሩን ይቁረጥ፤ ሐሩ ሱሪ ይሁን፤ አቶ ግዛውን ቀዝቀዝ ይበላቸው።»

«እኔማ እስላለሁ፤ ድንጋዩ ነው እምቢ ያለኝ» አለ ሽፈራው፣ ስለ ሰው እንደሚያማ። «የሚያዞረው ጠፍር ተበጥሷል። ባይሳ ይስጠኝ።»

ጫማ ሰፊው ባይሳ ጋ ሄዱ። «ባይሳ፣ ጠፍር ስጥ፤ ጠፍሩ ድንጋዩን ያዙር፤ ድንጋዩ መቀሱን ይሳል፤ መቀሱ ሐሩን ይቁረጥ፤ ሐሩ ሱሪ ይሁን፤ አቶ ግዛውን ቀዝቀዝ ይበላቸው።»

«ጠፍሩ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ጽጌ መቀነት ላይ ነው። ጽጌን ደግሞ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «እርስዎው ያውቋታል።»

ያውቋታል። የባይሳ ሚስት ወይዘሮ ጽጌ ከእሳቸው ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ቢሆንም ደጃቸው ቆመው ተጣሩ። «ጽጌ፣ ቁልፉን ስጪ፤ ቁልፉ ሳጥኑን ይክፈት፤ ሳጥኑ ጠፍር ይስጥ፤ ጠፍሩ ድንጋዩን ያዙር፤ ድንጋዩ መቀሱን ይሳል፤ መቀሱ ሐሩን ይቁረጥ፤ ሐሩ ሱሪ ይሁን፤ አቶ ግዛውን ቀዝቀዝ ይበላቸው።»

ወይዘሮ ጽጌ ወገባቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «የትኛው ሐር? ልጄ ስትዳር ለአንድ ቀን ትከሻዋ ላይ ጣል ላድርግላት ብዬ ስለምንሽ ‹ይሳሳል› ያልሽኝ?»

«እሱ...»

«ቁልፍማ ይኸው። የጎደለው ይቅርታ ብቻ ነው።»

«እኔ? ላንቺ?» አሉ ወይዘሮ ስንዱ፤ ሐራቸውን አቅፈው ቤታቸው ገቡ።

ይቅርታው አልወጣ አለ። ይቅርታው ስላልወጣ ቁልፉ አልተፈታ፤ ቁልፉ ስላልተፈታ ሳጥኑ አልተከፈተ፤ ጠፍሩ አልተሰጠ፤ ድንጋዩ አልዞረ፤ መቀሱ አልተሳለ፤ ሐሩ አልተቆረጠ፤ አቶ ግዛው ይቃጠላሉ። ግንቦት አለፈ፤ ሰኔ አለፈ። በየማለዳው «ደረሰ?» ይላሉ አቶ ግዛው። «ሙክታር እየሰፋው ነው» ይላሉ ወይዘሮ ስንዱ። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ገባ። አንድ ጠዋት አቶ ግዛው ሳይጠይቁ ዋሉ። በማግስቱም አልጠየቁም። ወይዘሮ ስንዱ የደነገጡት ያን ጊዜ ነው።

ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ሮጡ። ሐሩን ወይዘሮ ጽጌ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና «ይሳሳ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጽግዬ» አሉ።

ወይዘሮ ጽጌ ዓሦቹን ዳበሱ። «ልጄ ላይ እኮ እንዴት ያምርባት ነበር» ብለው አለቀሱ።

ይቅርታው ቁልፉን ፈታ፤ ቁልፉ ሳጥኑን ከፈተ፤ ሳጥኑ ጠፍር ሰጠ፤ ጠፍሩ ድንጋዩን አዞረ፤ ድንጋዩ መቀሱን ሳለ፤ መቀሱ ሐሩን ቆረጠ፤ ሐሩ ሱሪ ሆነ።

አቶ ግዛው ለበሱት። ደጅ የኅዳር ነፋስ ያፏጫል። ሙክታር የሰፋው በአሮጌው ሱሪ ልክ ነበር፤ ሰውየው ግን በዚያ ሙቀት ከስተው አልቀዋል፤ በአንዱ እግር ሁለቱም እግራቸው ይገባል። ወይዘሮ ስንዱ ትርፉን ወገባቸው ላይ ጨብጠው ያዙላቸው።

«ቀዝቀዝ አለኝ» አሉ አቶ ግዛው፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። ዓሦቹን ቁልቁል አዩአቸው። «ስንድዬ፣ ሐሯ ስታምር! ያን ሁሉ ዘመን አንቺ ለምን አልለበስሻትም?»

ወይዘሮ ስንዱ የጨበጡትን አልለቀቁም።

አደራ፣ ይህን ለማንም አትንገሩ። «ለደግ ቀን» ብሎ የቆለፈ ሁሉ ከሰማ ዛሬውኑ ሳጥኑን ከፍቶ ይመጣል፤ ሙክታር ደግሞ ያለው አንድ መቀስ ነው።