ንፍሮ የበላው አብራሪ

እናንት የእመቤታችን ወዳጆች፥ ልባችሁን ወዲህ መልሱ፤ አምላክን የወለደች ድንግል ማርያም ለአንድ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለን። ጸሎቷ ከሰሚውም ከነጋሪውም አይለይ።

ወንድም ከወንድሙ በተዋጋበት በዚያ ክፉ ዘመን ድልነሳው የሚባል የመቶ አለቃ ነበረ። በልጅነቱ ቁራሽ እየለመነ ዳዊት የደገመ የቆሎ ተማሪ ነበርና፥ ወታደር ከሆነም በኋላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳያደርስ እህል አይቀምስም ነበር፤ ይህንም ስእለት አድርጎ ይዞት ነበር። ነገር ግን፥ ወገኖቼ፥ አፉ ሲያመሰግን እጁ የሚሠራውን ልቡ አይጠይቅም ነበር።

በአንዲት የማርያም ዕለት ድልድይ እንዲመታ ታዘዘና በሰማይ ላይ ሳለ ውዳሴዋን አድርሶ "አሜን" አለ። ከዚያም ቁልቁል ቢመለከት ነጭ የለበሱ ሰዎች በድልድዩ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሻገሩ አየ፤ ቀኑን ያውቅ ነበርና ማን እንደሆኑ አላጣውም። ትእዛዝ ነው ብሎ ቦምቡን ጣለ። ሲመለስ ግን ከተራራው በተተኮሰ ጥይት አውሮፕላኑ ተመትቶ ነደደ፤ እርሱም በዣንጥላ ወርዶ ከገደል ሥር ወደቀ፤ እግሩም ተሰበረ። ጓደኞቹ ፈልገው አጡትና "የገባበት አልታወቀም" ተብሎ ለእናቱ ተነገራት።

እርሱ ግን ማግስቱን ሲሳብ ውሎ፥ ውኃ ጥም ሊገድለው ሲል ከአንዲት ጎጆ ደጅ ደረሰና፥ ሌላ ቃል ቢያጣ የተማሪነቱን ቃል ጮኸ፦

"በእንተ ስማ ለማርያም!"

የቤቲቱ እመቤት ወይዘሮ አዛለች ወጣች። ልብሱን ባየች ጊዜ ማን እንደሆነ ዐወቀች፤ ዳሩ ግን በዚያ ስም የለመናትን ባዶ እጁን መልሳ አታውቅምና ከንፈሯን ነክሳ ጎትታ አስገባችው፤ ውኃ አጠጣችውና በእፍኟ ንፍሮ ሰጠችው። ከአፉ ካደረገ በኋላ የለቅሶ ንፍሮ መሆኑን ተረዳ።

"እናቴ፥ ማን ሞቶብዎት ነው?"

"ልጄ ደምለው። አንድዬ ልጄ። ትናንት፥ ከድልድዩ ላይ። ብላ፤ የለመንከኝ በስሟ ነው" አለችው።

እርሱም የገደለውን ልጅ ንፍሮ በላ።

ወዲያው የሚፈልጉት ታጣቂዎች ደጁን ሞሉት። "ይህ የተኛው ማነው?" ቢሏት፥ "የልጄ ገዳይ" ልትል አፏን ከፈተች፤ እመቤታችን ግን አንደበቷን መለሰችና "ልጄ ነው" አለች። የእነርሱም ዐይን ተጋረደና የአብራሪውን ልብስ የሐዘን ልብስ አድርገው አዩት፤ አዛለች ከአንድ ልጅ በቀር እንዳልወለደችም ረሱ። ጠመንጃቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው በየተራ ጎንበስ እያሉ "እግዜር ያጥናህ፤ ወንድምህ ደግ ልጅ ነበር" አሉትና ሄዱ። ከጥይት ይልቅ ይህ ቃል ወጋው፤ በግንባሩም ተደፍቶ አለቀሰ።

"እኔ አላልኩም፤ እርሷ ናት ያለችው" አለች አዛለች እያነባች። "ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጧሪ ቀባሪዬን ወስደህብኛል፤ እንግዲህ ጧሪ ቀባሪዬ አንተ ነህ።"

እርሱም እሺ አላት፤ እግሩ ከዳነ በኋላም ማሳዋን እያረሰ እንጨቷን እየፈለጠ ኖረ። ጦርነቱ አልቆ መንገድ በተከፈተ ጊዜ ወደ ወላጅ እናቱ መልእክት ላከ፤ እርሷ ግን እርሱ በሕይወት ሳለ ተዝካሩን አውጥታ፥ በሐዘን ሞታ፥ ባዳ ቀብሯት ተገኘች። አዛለችም ባረፈች ጊዜ እርሱ ቀበራት፤ ሕዝቡም "እግዜር ያጥናህ" እያለ ንፍሮ አቀረበለት።

እመቤታችን እርሱን አድና ደምለውን ስለ ምን አላዳነችውም? የሚል ቢኖር፥ ድልነሳው ራሱ "ቦምቡን የጣለችው እርሷ አይደለችም" ይል ነበር። ስላዳነችውም ዕለት ዕለት ያመሰግናት ነበር፤ ውዳሴዋን አድርሶ "አሜን" ከማለቱ በፊት ግን እጆቹን ያያቸው ነበር።

እኛንም ከአፋችን ጋር እጃችንን ትጠብቅልን፤ የልጃቸውን መግቢያ አጥተው ደጅ ደጁን የሚያዩ እናቶችን ታጽናና፤ በረከቷም በዚህ ጉባኤ ላይ ይደር፤ ለዘለዓለሙ አሜን።