ባለ ስለቱ በራሱ ደጅ ተሰለፈ

«እማዬ፣ የኔ ሥራ ቀላል ሆኖ ሳለ ገጹ ለምን ይንቀራፈፋል?»

ወለላ እናቷን ዘርፌን እንዲህ ብላ የጠየቀቻት ጎመን ስትቀነጥስ አግኝታት፣ አጠገቧ ዘፍ ብላ ነው። ልጅቱ የትኛው መድኃኒት በከተማው የትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ የሚያሳይ ድረ ገጽ ሠርታለች። በዚያን ቀን ከወንዝ ማዶ የመጣ አንድ አባት ለልጁ የአስም መድኃኒት ሊፈልግ ገጹን ከፈተ። ነጩን መስኮት አይቶ አይቶ ሲሰለቸው ስልኩን ዘጋና ከተማውን በእግሩ ሲያስስ ዋለ። መድኃኒቱን ያገኘው ማምሻውን ነው፤ ወለላም ይህንኑ ለእናቷ አጫወተቻት።

«ኮዴን ደጋግሜ አየሁት» አለች ወለላ። «እኔ የጻፍኩት ስክሪፕት፣ ገጹን የሚያሠራው ትእዛዝ፣ አጭር ነው። ሌላው ከሰው ቤት የሚጠራ ነው፤ ጎብኚ የሚቆጥር አለ፣ ማስታወቂያ የሚያመጣ አለ፣ ‹ምን ልርዳዎት› እያለ የሚያወራ አለ። እነሱ ደግሞ በተራቸው ሌላ ይጠራሉ። ሁሉም እስኪሰበሰብ ገጹ ድርቅ ይላል።»

ዘርፌ ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስክሪፕት የሚባለውንም የሰማችው ከልጇ አፍ ነው። ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ ግን ታውቃለች። የያዘችውን ቅጠል ቀንጥሳ ጨረሰችና ጀመረች።

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለ ስለት። ልጁ ከሞት አፋፍ ሲመለስለት «በየዓመቱ በሰኔ ሚካኤል፣ መንገደኛ ሳይበላ ከደጄ አይመለስም» ብሎ ተሳለ።

ቤተሰቡ እጀ ፈጣን ነበረ። ገና በጧቱ ዳቦው ተደርድሮ፣ ሽሮው ተንተክትኮ ይጠብቃል። ዓመት በተቆጠረ ቁጥር ግን ዝክሩ ገነነ፤ ሰውየውም ከውጭ ሰው መጥራት አመጣ። ዳቦውን የሚባርክ ካህን ድሮም ነበረ። በዚያ ላይ የሚገባውን ሰው በጠጠር የሚቆጥር ጎረቤት ተጨመረ፤ ባለ ስለቱ ምን ያህል ሰው እንዳበላ ማወቅ ደስ ይለዋላ። በገና ደርዳሪም ተጨመረ። ትልልቅ ድስቶች ያዋሰው ነጋዴ ደግሞ «የኔ ለፋፊ በደጅህ ቆሞ ስለ ጨርቄ ይናገርልኝ» አለና ለፋፊው መጣ። ለፋፊው ከበሮ መቺ ይዞ መጣ። ከበሮ መቺው አጎቱን ይዞ መጣ። አጎትየው ምን እንደሚሠራ ያወቀ የለም፤ ይበላ ነበር።

በረኛው በሥርዓት ከኔ በላይ ላሳር የሚል ሰው ነበርና «የተጠራው ሁሉ ቦታ ቦታውን ሳይዝ እንግዳ አይገባም» ብሎ ደነገገ።

አንድ ዓመት ወንዙ ሞላና ለፋፊው ከነግሳንግሱ ማዶ ቀረ። መንገደኛው ካፊያ እየመታው ተሰለፈ። ባለ ስለቱ ከውስጥ ይንጎራደዳል። «የኔ ቤት ምን አጠፋ? ሽሮው እንደሆነ ከጧት ጀምሮ ደርሷል!»

እንግዲህ የሚደነቀው ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። በረኛውን ጠርቶ ሊቆጣ ይችል ነበር፤ አልተቆጣም። አሮጌ ጋቢውን ተከናነበ፣ በጓሮ ወጣና ከሰልፉ ጭራ ሄዶ ቆመ። ያን የመሰለ ጌታ፣ በገዛ ደጁ!

ከፊቱ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች።

«አባቴ፣ ይቅርብዎ፣ አይድከሙ» አለችው። «ይህ ቤት ስሙ ነው እንጂ ማዕዱ የለም።»

«ኧረ አለ ልጄ፣ ሽሮው ይሸት የለም እንዴ?»

«ሽታ አይበላም» አለችና ልጇን ሽቅብ ገፋ አድርጋ አዝላ መንገድ ጀመረች።

ባለ ስለቱ ክው አለ። ስለቱ ዓይኑ እያየ ሊፈርስ ነው። ቀና ብሎ ደጁን ሲያይ ደግሞ የገዛ ሎሌዎቹ ያራገፉት የማገዶ ክምር የበሩን እኩሌታ ዘግቶታል። ከውስጥ ሆኖ ይህን አይቶት አያውቅም።

ጋቢውን ወረወረ። «ቆዪኝ ልጄ!» ብሎ ጮኸና ማገዶውን በገዛ ትከሻው ያነሣ ጀመር፤ ሰልፈኛውም አብሮት ተረባረበ። በረኛውን ገለል አድርጎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ካህኑን ብቻ «አባ፣ ይባርኩልን» አላቸው፤ ያለ ቡራኬ አይቆረስምና። ልጅ ያዘለችው ሴት ከሁሉ ፊት ተቀመጠች። መንገደኛው እየበላ በገናው ተደረደረ። ቆጣሪው ከመግቢያው ተነሥቶ መውጫው ላይ ተቀመጠ፤ ጠጠሩ እንደሆነ ያው ጠጠር ነው። ለፋፊው ውሃው ጎድሎለት ሲመጣ ለጠገበ ሰው ለፈፈ፤ የጠገበ ሰውም አደመጠው። ከበሮ መቺውና አጎቱ በዓመቱ አልተጠሩም። ካህኑ ግን ከዋዜማው መጥተው እዚያው እንዲያድሩ ተለመኑ።

ዘርፌ ጎመኑን ወደ ጎን አለችና ወደ ልጇ ዞረች።

«ገጽሽ ደጅሽ ነው፣ ልጄ። ያ አባት መንገደኛሽ ነው፤ ዳቦው የፋርማሲው ስም ነው። ከሰው ቤት የጠራሻቸውን ሁሉ አባሪ አልልሽም። ‹ይህ ባይመጣ መንገደኛዬ ጦሙን ያድራል ወይ?› ብለሽ ጠይቂ። ከፋርማሲዎቹ የሚመጣው ዝርዝር ካህኑ ነው፤ እሱን ከሁሉ ቀድመሽ ጥሪ። ቆጣሪው ኋላ ይቁጠር፣ ለፋፊው ለጠገበ ይለፍፍ። ማን እንዳመጣው የማታውቂውን በሰላም ሸኚው።»

«ማገዶውስ?» ሳቀች ወለላ። «የኔ እኮ አጭር ነው አልኩሽ!»

«ያ ገጽሽ ሲከፈት በሩ ላይ የሚሽከረከረው የእንክብል ሥዕል የማን ነው?»

ወለላ አፏን ያዘች። ራሷ የጻፈችው፣ ከሁሉ ቀድሞ እንዲጫን ያደረገችው፣ የምትሳሳለት ጌጥ ነው። ኮምፒውተሯን ከፍታ አቀረቀረች።

በማግሥቱ ዘርፌ ኪዳን አድርሳ ወደ ቤት አልተመለሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ያ አባት በመጣበት መንገድ፣ ኔትዎርክ ወደሚደክምበት ወደ ወንዙ ወረደች። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን አወጣች፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቆማ ገጹን ከፈተች፤ የአስም መድኃኒቱን ስም በዝግታ ጻፈችና አማተበች።

አማትባ ሳትጨርስ የፋርማሲው ስም ብቅ አለ። እንክብሉ ከስንት ቆይታ በኋላ ከታች ጥግ ላይ መሽከርከር ጀመረ።

ልጇ ጋ ደወለች።

«መንገደኛዋ በልታለች» አለቻት።