ውሃውን የሸኙት ጎረቤቶች

ተረቴን ይዤ መጣሁ፤ ውሃ አለበትና እግራችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ስሙኝ።

አንድ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አያ ከርከሮ፣ እመት ጃርትና አያ ፍልፈል ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ቤታቸው ይገባል፤ ለዘር ያስቀመጡት እህል ይበሰብሳል። ወንዙ ቅርብ ነው። ግን እስከዚያ ቦይ ለማውጣት ከሦስቱ የአንዳቸው ማሳ መቆረስ ነበረበት።

ችኩሉ ከርከሮ "እንግዳ መሸኘት ደንባችን ነው" አለና በጥርሱ ቦይ ቆፍሮ ውሃውን እስከ ጃርት ደጃፍ አደረሰው።

ቁጡዋ ጃርት እሾኋን አቁማ "እኔስ ከማን አንሼ ነው የማልሸኘው?" አለችና እስከ ፍልፈል ደጃፍ ቆፈረች።

ዓይኑ የማያየው ፍልፈል ደግሞ "ተከተለኝ፣ መንገዱን እኔ ላሳይህ" አለና ፊቱ እንዳመራው ቆፈረ። ቦዩ ዞሮ ዞሮ ከርከሮ ጓዳ ወጣ።

ውሃው ከርከሮን ሲያገኘው "ደህና ሰነበትክ አያ ከርከሮ? ሁላችሁም ሸኝታችሁኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሦስታችሁም ደጅ ዞርኩና ደከመኝ። ወንዙ በማን ማሳ በኩል ነው?" አለ።

ሦስቱም እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ከርከሮ ወደ ጃርት ማሳ ጠቆመ። ጃርት ወደ ፍልፈል ማሳ ጠቆመች። ፍልፈል ወደ ሰማይ ጠቆመ።

ውሃውም "እንግዲያው እዚሁ ልክረም" አለና ከርከሮ አልጋ ላይ ወጣ።

ተረቴ አለቀ፤ ወለሉ ከደረቀ እግራችሁን ዘርጉ።