ያልተቀመሰው ወተት

በአንድ ወቅት፣ ላሙ ሁሉ እየታለበ ወተቱን የሚቀምስ ሰው በጠፋበት በሁዳዴ ጾም፣ ጫጫ አጠገብ ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ የስምንት ላሞች ባለቤት ነበሩ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባል የለም? የእሳቸው ላሞች ግን በሰማይ አልነበሩም፤ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይበሉ ነበር። ጣጣውም እሱ ነው። ሰው ወተት ቢተው ላም ድርቆሿንና ፉርሽካዋን አትተውም፤ ላም ጾም ገባ አልገባ ምን አገባት!

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ወተት ተረካቢው «ከነገ ጀምሮ ግማሹን ብቻ ነው የምወስደው» አለ። በማግስቱ ደላላው በአጥሩ ሥር ብቅ ብሎ «ሁለቷን እንኳ ብትሸጡልኝ» ማለት ጀመረ። ወይዘሮ ትርንጎ ነገሩ ገብቷቸዋል። በጾም በርካሽ የሸጠ ሰው በፋሲካ በዚያ ዋጋ መልሶ አይገዛም። እነዚህን ስምንት ላሞች ደግሞ ከአንዲት ጊደር ተነሥተው በሃያ ዓመት ነው ያፈሯቸው። ልጆቼ ይካፈሏቸው እንዳይሉ፣ የባላቸው ወንድም ስድስት ላሞች ለሦስት ልጆች ተከፋፍለው በዓመቱ አንዲት ጭራ እንኳ ሳትቀር ሲያልቁ በዓይናቸው አይተዋል።

እናም እሑድ ዕለት ልጆቻቸውን ወንድይፍራውንና አስካለን፣ እንዲሁም አሥራ አራት ዓመት ላሞቹን ያለበችውን ሠራተኛቸውን ሙላቷን ጠሩ።

«ጉልበቴ ደክሟል» አሉ። «ከእነዚህ ላሞች አንዷንም ሳይሸጥ ፋሲካ ያደረሰልኝ፣ የመኖ ቤቱን ቁልፍ እሰጠዋለሁ። ገንዘቡንም ከብቱንም እሱ ያዛል። ልጅ ይሁን ባዳ! ገብርኤልን!»

«ባዳ» የምትለዋ ቃል በንዴት ያመለጠቻቸው ናት። ምን ይደረግ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ወንድይፍራው አንዲት እፍኝ ፉርሽካ ስትፈስ ሆዱን የሚቆርጠው ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ ወጣና ዞር ዞር ብሎ አየ። አገሩ ሁሉ ጾመኛ፣ ጾመኛው ሁሉ ጎመን በሊታ! የጥቅል ጎመን ነጋዴዎች የውጭውን ቅጠል እየገፈፉ የትም ይጥሉታል። «ልውሰደው?» ቢላቸው «ጠርገህ ውሰድልን እንጂ፣ ተባረክ!» አሉት። በየቀኑ አንድ ጋሪ ሙሉ ቅጠል እየጫነ እኩለ ቀን ላይ ይገባል። የመኖው ወጪ በግማሽ ወረደ፤ ላሞቹም ወተት አልቀነሱም። እሱ ባይኖር በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ላም ተሸጦ ነበር። ይህን ጠላቱም አይክድም።

አስካለ ደግሞ አፏ ቅቤ ነው። የዚያን ዓመት ረመዳን ሁዳዴ ውስጥ ገብቶ ነበርና «እኛ የተውነውን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም» ብላ ጀሪካኖቿን በሌሊቱ ሚኒባስ ጭና ሸዋሮቢት ወረደች። እዚያ ምግብ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ዘይነባ «ለማፍጠሪያ የሚሆን ወተት አጥቼ ስንከራተት ነበር፣ አላህ ነው የላከሽ!» ብለው ተረካቢው የተወውን ግማሽ እንዳለ ያዙላት። ወደ ቦይ ሊደፋ የነበረው ወተት የላሞቹን ቀለብ መሸፈን ጀመረ። ደላላውም መንገዱን ቀየረ።

እስቲ አሁን ነገሩን ልብ በሉት። የምታልበው ጾመኛ፣ የምትሸጠው ጾመኛ፣ የሚገዙት ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጾመኛ። ያን ሁሉ ወተት የቀመሰው ማን ነው?

በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ዘይነባ አስካለን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ወተትሽ ይሸታል። ማታ ደንበኛ መለሰብኝ» አሏት።

አስካለ ዓይኗን አላሸችም። «አዲሱ ጀሪካን ነው እትዬ። ሦስት ቀን ብቻ ይታገሡኝ።»

ጀሪካኑ አሮጌ ነበር። ሴትዮዋ ግን አመኗትና ታገሡ።

ቤት ስትገባ ጠቡ ተነሣ። «የአንተ ቅጠል ነው!» አለች። «የሸዋሮቢት ሙቀት ነው!» አላት ወንድሟ። ወተቱን አሸተቱት። ምን ያደርጋል፣ ግቢው ጎመን፣ ልብሳቸው ጎመን፣ ፀጉራቸው ጎመን ጎመን ይሸታል፤ የራሱን ቤት ሽታ የሚለይ ሰው የት አለና! ከጎረቤት የሦስት ዓመት ልጅ አምጥተው በኩባያ ሰጡት። ልጁ እስከ አተላው ጨልጦ «ጨምሩልኝ» አለ።

«ይኸው!» አለ ወንድይፍራው።

«ለእሱ ሳሙናም ይጣፍጠዋል!» አለች አስካለ።

ወይዘሮ ትርንጎ ግን መሳቅ አልቻሉም፤ ፈርተዋል። ወይዘሮ ዘይነባ ከተቀየሙ ወተቱ ወደ ቦይ፣ ላሞቹም ወደ ደላላው እንደሚሄዱ አውቀዋል። ከሁሉ ያናደዳቸው የገዛ ወተታቸው በእጃቸው እያለ ምን እንደሆነ አለማወቃቸው ነው።

ሙላቷ ግን ማታ አልባ ስትጨርስ ኩባያ ነከረች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ቀመሰች። ጎመን! ጠዋትም አልባ ቀመሰች። ምንም የለውም፣ ንጹሕ ነው። እኩለ ቀን ላይ የገባውን ቅጠል ለላሞቹ ሳትሰጥ አቆየችና ሲመሽ መጀመሪያ አለበቻቸው፤ ከዚያ ሰጠቻቸው። የዚያን ማታውንም፣ የማግስቱ ጠዋቱንም ቀመሰች። ሁለቱም ንጹሕ ሆኑ። ለማረጋገጥ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ደገመችው።

«እትዬ» አለች ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ገብታ፤ «ቅጠሉ ጥሩ ነው፣ አይቅር። ብቻ ከታለቡ በኋላ ይብሉት።»

«በምን አወቅሽ?»

«ቀምሼ።»

ወይዘሮ ትርንጎ አማተቡ። «በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ደነገጡ። ደግሞ ደስ አላቸው። ወዲያው ደስ ስላላቸው አፈሩ። እንዳለችው ግን አደረጉ፤ በማግስቱ ወይዘሮ ዘይነባ «አሁን ገና ወተት ሆነ» ብለው ላኩ፤ ረመዳኑ ከወጣም በኋላ መግዛታቸውን አልተዉም።

ፋሲካ ደረሰ። ስምንት ላሞች ገቡ፣ ስምንቱም ወጡ። ወይዘሮ ትርንጎ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ኩባያ ወተት ጠጡ፤ ጣፋጭ ነበር። ከዚያ የመኖ ቤቱን ቁልፍ ከአንገታቸው አወጡና ሦስቱን አስቀመጡ።

«እማዬ» አለ ወንድይፍራው፣ «እኔ መኖ ባላገኝ ዛሬ የሚታለብ ላም አይኖርሽም ነበር።»

«ወተቱ እንዲሸት ያደረገውስ ማን ሆነና!» አለች አስካለ። «እኔ ገዢ ባላመጣ፣ ‹ወተትሽ ይሸታል› ሲሉኝም ሦስት ቀን ባላስታግሣቸው፣ የአንተ ቁጠባ ቦይ ውስጥ ነበር የሚፈሰው።»

«በውሸት አስታግሠሽ» አለ ወንድሟ።

«በውሸት! ላሞቹ ግን በእውነት እዚህ አሉ።»

ሙላቷ ነጠላዋን አስተካከለች። «የነፍስ አባቴ ሁለት መቶ ስግደት ሰጥተውኝ ሰግጃለሁ» አለች። «ልጆችዎ ሊያጡት የነበረውን ደንበኛ የመለስኩት በነፍሴ ነው። ቁልፉን ስጡኝ ብዬ አልጠይቅም፤ አፌም አይደፍርም። እርስዎ ግን ‹ልጅ ይሁን ባዳ› ብለው በገብርኤል ምለዋል።»

ልጆቹ ወደ እናታቸው ዞሩ። «ጾም የገደፈች ሴት!» አለች አስካለ ቀስ ብላ። ወንድይፍራው «የቤታችን ከብት እኮ ነው» አለ። ወይዘሮ ትርንጎ ልጆቻቸውን አዩ፤ ወልደዋቸዋል። ሙላቷን አዩ፤ አሥራ አራት ዓመት ከእጇ ጠጥተዋል። ለልጅ ቢሰጡ መሐላቸው አለ፤ ለሙላቷ ቢሰጡ ገና ዛሬ የፈሰከው ቤታቸው ይበተናል። ደግሞ ከሁለቱ ልጆች ለአንዱ ቢሰጡስ፣ ለየትኛው?

ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር መኖ ነጋዴው ለወንድይፍራው ይፈርዳል፤ ሱቅ ያላት ሴት ለአስካለ ትሟገታለች፤ በሰው ቤት ሠርቶ ያደረ ሰው ሙላቷን ትቶ ሌላ ስም አይጠራም። ቄሱን ቢጠይቋቸው ስግደቱን ነው እንጂ ቁልፉን አያውቁትም።

ወይዘሮ ትርንጎ ቁልፉን ይዘው እንደተቀመጡ ናቸው። ላሞቹን አንዱ ያበላቸው፣ አንዷ የሸጠችላቸው፣ አንዷ ደግሞ የቀመሰችላቸው ሰዎች ፊታቸው አሉ፤ አንዱ ቢጎድል ስምንቱ ስምንት አይሆኑም ነበር። እንግዲህ ፍረዱ፦ እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ቁልፉን ለማን ትሰጡት ነበር?