ጥላን የከሰሰው ሰው

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ተረት! «የንብ ቤት» በሉኝ እንጂ። እንዲያ ነው!

ድሮ ድሮ፣ ቀበሮ በግ ሲሞት ለቅሶ ትደርስ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ቁልቁለት አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ከአማቷ ከእማማ ጥጊቱ ጋር ትኖር ነበር። መሬቷ ጠባብ ናት። ላም ብትተኛባት ጅራቷ ከጎረቤት ይደርሳል ይሏት ነበር። በዚያች ጠባብ መሬት ግን ማሽላ ይበቅላል። ባቄላም ይበቅላል። በእህሉ መካከልና በወሰኑ ዳር ደግሞ ግራርና ዋንዛ ቆመዋል። ባሏ ነበር የተከላቸው።

ከእሷ በላይ ያለው ሰፊ ማሳ የአያ ድንበሩ ነው። ስሙ ድንበሩ ነው እንጂ ድንበር የሚባል ነገር አይወድም። ዛፍ ደግሞ ከድንበርም አብልጦ ይጠላል። ያለውን ዛፍ ሁሉ ቆርጦ ማሳውን እንደ ራሱ መላጣ አድርጎት ነበር። ዓይኑ ያረፈው ግን በአንጓች መሬት ላይ ነው።

አንድ ቀን መጣና፣ «አንጓች፣ መሬትሽን አምጪና እኔ ልረሰው። እህሉን እየሰፈርሁ እሰጥሻለሁ» አላት።

«እግዜር ይስጥልኝ አያ ድንበሩ። መሬቴ ራሷ የምትሰፍርልኝ መች አነሰብኝ?» አለችው።

ተቆጣ። ተቆጥቶ ወደ ጭቃ ሹሙ ሄደ።

ያገሩ ዳኛ ጭቃ ሹም ረታ ናቸው። ሙግት የሚሰሙት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ችሎት የሚያስችሉት ደግሞ ከትልቅ ዋርካ ሥር ነው። አያ ድንበሩ ከዋርካው ጥላ ሥር ቆመና ጥላን ከሰሰ!

«አቤት ጌታዬ! የዛፏ ጥላ ወሰን ተሻግሮ እህሌን አቀጨጨብኝ! ወይ ዛፏን ትቁረጥ፣ ወይ መሬቱን ትልቀቅልኝ!»

ጭቃ ሹሙ አንጓችን አስጠሩና ጨፍነው አሰቡ። «ዛፍ ቁረጪ አልልሽም» አሉ። «ጥላሽ ግን ወሰን አይሻገር። ከተሻገረ መሬቱን ትለቂያለሽ።»

አያ ድንበሩ በሆዱ ሳቀ። ጥላን ማን ያስራል?

አንጓች ፍርዱ እየከበዳት ወደ ቤቷ ተመለሰች። እማማ ጥጊቱ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ጠፋን! ልጄ የተከለው ሊቆረጥ ነው!» ብለው አለቀሱ። አንጓች ዛፎቹን ቀና ብላ አየች። ደጋግማ አየች። ከዚያ ፈገግ አለች።

«እማማ፣ አይቆረጡም። ጠጉራቸውን እንላጫቸዋለን።»

ገጀራዋን ይዛ ወጣች። የተንሰራፋውን ቅርንጫፍ ሁሉ ከረከመችው። ቅጠሉን ላሟ በላች፤ ወተቷ ጨመረ። እንጨቱ ማገዶ ሆነ። ማገዶ ሲገኝ ኩበት ማንደድ ቀረ፤ እበቱ ወደ ማሳ ገባ። ፀሐይዋም እስከ ታች ደረሰች። ማሽላው ተመነደገ፤ ባቄላው ተንዠረገገ።

አያ ድንበሩ ይህን አይቶ ጥርሱን አፋጨ።

በጋ ሆነ። ነፋስ መጣና የዋንዛውን ቅጠል እያንከባለለ ወደ አያ ድንበሩ ማሳ አስገባው። እሱም ሮጠ፤ ወደ ዋርካው።

«አቤት ጌታዬ! ጥላዋ ቢቀር ቅጠሏ መጣብኝ! መሬቴን አቆሸሸችው!»

ጭቃ ሹሙ እንደ ጨፈኑ፣ «በይ ቅጠልሽን ልቀሚ» አሉ።

አንጓች እጅ ነሣች። «እሺ ጌታዬ። ቅጠሉ ግን ከአያ ድንበሩ ከብቶች እበት ጋር ተደባልቋል። እንዴት ለይቼ ልልቀም?»

«ምን ትለዪዋለሽ!» ብሎ አያ ድንበሩ ጮኸ። «ሁሉንም ጠራርገሽ ውሰጂልኝ! መሬቴ እንደ አውድማ ይጥራ!»

«ሰምተዋል ጌታዬ?» አለች አንጓች።

«ሰምቻለሁ» አሉ።

እማማ ጥጊቱ ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ ልጄን! የሰው ማሳ ጠራጊ ሆንሽ?»

«እማማ፣ ይልቅ ቅርጫቱን ያቀብሉኝ» አለች አንጓች እየሳቀች።

ጠረገች። ቅጠሉንም ጠረገች፣ እበቱንም ጠረገች። ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው። አመድ ነሰነሰችበት፣ ውሃ አርከፈከፈችበት። ክረምት ሊገባ ሲል ብታወጣው እንደ ጥቁር ጤፍ ዱቄት ልሟል። በመሬቷ ላይ በተነችው። በዚያ ዓመት ማሽላዋ ፈረሰኛ ይደብቅ ነበር።

አያ ድንበሩ እንቅልፍ አጣ። ማሳው ሲጠራ ጠርቷል፤ እህሉ ግን ቀጭጯል። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ዋርካው ሮጠ።

«አቤት ጌታዬ! የዛፏ ሥር ከመሬት በታች ተሻግሮ ውሃዬን ይጠጣብኛል!»

ጭቃ ሹሙ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «ሥሩን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። ሲጠጣ ግን ይሰማኛል!»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ጭቃ ሹሙ ግን ነገር ማቆም ይወዳሉና፣ «አንጓች፣ ከወሰኑ አጠገብ በራስሽ በኩል ቦይ ቆፍሪ። ሥርሽን ቦዩ ይግታው» አሉ።

«ከጫፍ እስከ ጫፍ! ጥልቅ ይሁን!» አለ አያ ድንበሩ። ሴት ብቻዋን ቆፍራ አትጨርስም ብሎ ነው።

እማማ ጥጊቱ ያን ቀን አላለቀሱም። ከበር ላይ ጠብቀው፣ «ዛሬስ ምን ሰጠን?» አሏት።

«ቦይ።»

«ቦይ ምን ይሆነናል?»

«ዝናብ ሲመጣ እናየዋለን እማማ።»

አንጓች ደቦ ጠራች። እሸት ያላበላችው ጎረቤት አልነበረምና ያልመጣ ሰው የለም። እየዘፈኑ ቆፈሩላት። ቦዩ ጥልቅ ሆነ። ከጫፍ እስከ ጫፍም ሆነ።

ሐምሌ ገባ። ሰማይ የተቀደደ ይመስል ዝናብ ወረደ። በአያ ድንበሩ ማሳ ላይ የሚሸፍን ቅጠል የለ፣ የሚይዝ ሥር የለ። ጥቁሩ አፈር ተነሥቶ ቁልቁል ሮጠ። ሮጦ ሮጦ የአንጓች ቦይ ውስጥ ተኛ። ውሃውም እዚያው ሰረገ። አንጓች አፈሩን እየዛቀች በማሳዋ ላይ አለበሰችው።

ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ ዝናቡ ቀጥ አለ። የአያ ድንበሩ እህል ሳያሽት ደረቀ። የአንጓች ማሽላ ግን ቦዩ ካጠራቀመው ርጥበት እየጠጣ፣ ዛፎቹ ከደረቁ ነፋስ እየጋረዱት፣ ራሱ እስኪጎነብስ ድረስ አፈራ።

«ሌባ! አፈሬን ሰረቀችኝ!» ብሎ አያ ድንበሩ አገሩን አመሰው።

ጭቃ ሹሙ በቅሏቸውን ጭነው ወረዱ። ያን ቀን ሁለቱንም ዓይናቸውን ገለጡ። ከላይኛው ማሳ አፈር ቢጨብጡ፣ ደረቅ ጠጠር ነው። ከታችኛው ቢጨብጡ፣ ለስላሳ ነው፤ ትል ይርመሰመስበታል።

«ምን ትያለሽ አንጓች?»

«ጌታዬ፣ ጥላሽን መልሺ አለኝ፣ መለስሁ። ቅጠልሽን ውሰጂ አለኝ፣ ወሰድሁ። ቦይ ቆፍሪ አለኝ፣ ቆፈርሁ። አፈሩን ግን እኔ አልጠራሁትም። በገዛ እግሩ መጣ።»

ጭቃ ሹሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ፈረዱ።

«ድንበሩ፣ እውነትህን ነው፤ አፈሩ ያንተ ነበር። ከቦዩ እየዛቅህ መልሰህ ውሰድ። በአህያ አይደለም፣ በሎሌም አይደለም። በገዛ ራስህ ተሸክመህ።»

አያ ድንበሩ ቅርጫት አናቱ ላይ ጭኖ ሽቅብ ወጣ። ወረደ። እንደገና ወጣ። ላቡ በመላጣው ላይ እንደ ፏፏቴ ፈሰሰ። ብዙ ተሸክሞ ሲያበቃ ያልታሰበ ዶፍ ጣለ፤ አፈሩ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ገባ። እንደገና ተሸከመ። እንደገና ዘነበ፤ እንደገና ወረደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወርድበት ቅርጫቱን ወረወረና ከዋንዛው ጥላ ሥር ዘጭ አለ።

«ኧረ ይህ አፈር እግር አለው እንዴ?»

«እግርስ ሁሉም አፈር አለው» አለች አንጓች ውሃ እያቀበለችው። «የኔ የማይሮጠው እጅም ስላለው ነው። የዛፍ ሥር የአፈር እጁ ነው አያ ድንበሩ። አንተ እጁን ቆረጥህና እግሩን ለቀቅኸው።»

አያ ድንበሩ አቀረቀረ። ጎተራው ባዶ ነው። ልጆቹ ቤት ይጠብቁታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንጓች… ችግኝ ይኖርሽ ይሆን?» አለ።

እማማ ጥጊቱ ከደጃፍ ሆነው፣ «ጥላ ይሻገርብሃል በዪው!» ብለው ጮኹ። አንጓች ሳቀች። አያ ድንበሩም ሳይወድ በግድ ሳቀ።

አንጓች ቂም አልያዘችም። ልጆቹ ዓመቱን የሚሻገሩበት ማሽላ ሰጠችው። ዝናብ ሲጥል ችግኙን ራሷ ይዛ ሄዳ አብራው ተከለች፤ እህሉ ቦታ እንዲያገኝ እያራራቀች፣ ውሃው እንዲቆም በቁልቁለቱ አግድም። ዛፎቹ ሲያድጉ ንብ ሰፈረባቸው። ማሳው ቀስ በቀስ ጠቆረ። አፈሩም ቁልቁል የሚሮጥበትን መንገድ ረሳው።

ለዚህ ነው የዚያ አገር ሰዎች፣ «ጥላ የነፈጉት መሬት እህል ይነፍጋል» የሚሉት።

እኔም ተረቴን ከዛፍ ሥር አሳረፍሁት። እናንተም በጥጋብ እደሩ።